ከፍሪጁ ኋላ

ጅሬን፣ ጅማ
ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጎሳዬ፤

ጽዮናዊትና ልጆቹ እንደምን ናችሁ? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ሁለቱም ከእኔ ቀድመው ስላረጁ ከሰው አልቆጥራቸውም። ትናንት ስልኩን ጆሮህ ላይ ለምን እንደዘጋሁት ሳትጠይቅ አትቀርም። ተቀይሜህ አይደለም። ጆሮዬ ስለደከመ ስልክ ስይዝ እጮሃለሁ፤ በእኔና በተከራያችን በሰሊማ መካከል ያለው ግድግዳ ደግሞ የአባታችን ጭቃ ነው፣ እንኳን ጩኸት ሳል ያሳልፋል። የምነግርህ ስለ እሷ ስለሆነ በደብዳቤ ይሁን አልኩ። ለሚኒባስ ሹፌሩ ለፋሂም ሰጥቼዋለሁ። ፖስታውን በሊጥ አሽጌ ዳሩን በክር ሰፍቼዋለሁ፤ ክሩ ተፈትቶ ከደረሰህ ንገረኝ።

ልጄ ልዑልቃል ከአዲስ አበባ ፍሪጅ ልኮልኛል። ፍሪጁ የገባ ዕለት ሰሊማ መጣች። በሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። «እማማ፣ ቤቱን ሙሽራ የገባበት አስመሰለው» አለች። የሰው ዕቃ ሲያደንቁ ማሻአላህ ማለት የእነሱም ወግ ነው፤ እሷ ግን አላለችም። ልቤ ፈራ። በማግስቱ ከኪዳን ስመለስ ጸበል ይዤ መጥቼ ረጨሁበት። ክፉ ነገር የሚመጣው ከኋላ ነውና ፊቱን ነካ ነካ አድርጌ ከኋላው አበዛሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ማለዳ ሳልረጭ ውዬ አላውቅም።

ይኸው ከዚያው ሳምንት ጀምሮ ብሬከሩ ይወድቃል። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ቁርሴን ልበላ ስቀመጥ ቀጭ ይልና መብራቱም ፍሪጁም ይጠፋል። ባሏ ሙርሺድ ወደ ልብስ ስፌቱ ከመሄዱ በፊት የደንበኛ ልብስ የሚተኩሰው በዚያው ሰዓት ነው። ወይ ካውያው ነው፣ ወይ ተደብቆ የተገዛ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ። ቆጣሪያችን አንድ መሆኑን ታውቃለህ።

ብሬከሩ ከበሩ በላይ ስለሆነ የምታነሣልኝ ያቺው ሰሊማ ናት። እኔ ኤሌክትሪክ ስለምፈራ በረንዳ ወጥቼ እቀመጣለሁ። እሷ ገብታ ትቆያለች። ወደ ታች የወረደች አንዲት ነገር ወደ ላይ ለመመለስ ይህን ያህል ያስቆያል?

ቤቱ የአባታችን ነው፣ ግማሹም ያንተ ነው። ያለ አንተ ቃል አላስወጣቸውም። አዎ በለኝና ክፍሉን ይልቀቁልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ሰምተሃል።

እኅትህ ቆንጂት


አጋሮ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለቆንጂት፤

ክሩ አልተፈታም። ሊጡ ግን በዚህ ዝናብ መንገድ ላይ ሻግቶ ፋሂም «እትዬ ቆንጂት የላኩልህ ደብዳቤ ነው ዳቦ?» ብሎ ሳቀብኝ። ጽዮናዊት ጉልበትሽን በቅቤ እሺው ብላለች። እኛ ደህና ነን።

ወደ ነገርሽ ልግባ። ኤሌክትሪክ አልተማርኩም። ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ቡና መጋዘን ውስጥ ነው፤ የመፈልፈያው ማሽን ብሬከር በጣለ ቁጥር ባለሙያው የሚያደርገውን አይቻለሁ። ማንንም አይሳደብም። አንዱን ይነቅላል፣ ያያል፤ ሌላውን ይነቅላል፣ ያያል። ጥፋተኛው ራሱ ይወጣል። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። መጀመሪያ ፍሪጁን ነቅለሽ ዋዪ። ፍሪጁ ተነቅሎም ከወደቀ፣ ሰሊማን በደግ ቃል ለምነሽ የእሷን ቤት ዕቃ ሁሉ ታስነቅል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

አዎ ግን አልልሽም፣ ገና ነው። እግርሽ ተሰብሮ በተኛሽ ጊዜ ያጠበችሽ ሰሊማ ናት። የቤትሽን ቁልፍ ከዚያ ጀምሮ በክር አንገቷ ላይ አድርጋ የምትዞር እሷ ናት። የእኔ ሚስት የደረሰችው ጄሶው ከተፈታ በኋላ ነበር፤ ይህንን ጽዮናዊት እያየች ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪ። ልዑልቃል ሊያገባ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ክፍሉ የተፈለገው ለሙሽሮች ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ። በፍሪጅ አታሳብቢ።

ወንድምሽ ጎሳዬ


ጅሬን
ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎሳዬ፤

ተቆጥቻለሁ። ልጄ ቢያገባም የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ የጅማን ዝናብ ከልጅነቱ ጀምሮ አይችለውም። ይህን ሐሳብ ማን ሹክ እንዳለህ ባውቅ ደስ ይለኛል። እኔን ለመጠርጠር ግን ጊዜ አልወሰደብህም፤ ሰሊማን ጠርጥር ስልህ ነው መጋዘንና ማሽን የምትቆጥርልኝ።

ቢሆንም ያልከውን አድርጌያለሁ። ወለሉ ላይ ካለው ዲቫይደር የፍሪጁን ሶኬት በገመዱ ስቤ ነቅዬ፣ እንደ ልማዴ ጸበሌን ረጭቼ ቁጭ አልኩ። ብሬከሩ ወደቀ። እንግዲህ ፍሪጁ ንጹሕ ነው። ከዚያ ሰሊማን ጠየቅኋት። እሺ እማማ ብላ አምፖሏን ሳይቀር አጠፋች፣ ሙርሺድም የደንበኛውን ልብስ በከሰል ካውያ ተኮሰ። በማግስቱም ወደቀ፣ በሦስተኛውም ቀን ወደቀ። አንተ ይህን ስትሰማ ሰሊማ ንጹሕ ናት ትል ይሆናል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ካውያም ካልሆነ፣ ምድጃም ካልሆነ፣ ፍሪጅም ካልሆነ፣ ኤሌክትሪክ ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ ጸበሉን አብዝቼዋለሁ፤ አሁን ብሬከሩ በወደቀ ቁጥር ደግሜ እረጫለሁ።

ከተማ የሚባለውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛም አስመጥቻለሁ። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሽቦውን ሁሉ ፈትሾ አንዳች ጥፋት የለም አለኝ። ፍሪጁን ጎትቶ ሲያይ ከኋላው አቧራ እንኳ አልነበረም። «እንዲህ ከፍሪጅ ኋላ የሚጸዳ ቤት አይቼ አላውቅም» ብሎ አመሰገነኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ጎንበስ ማለት ካቆምኩ ግን ስንት ጊዜዬ። ማን እንዳጸዳው አላውቅም፣ እሱም ሌላ የሚያሳስበኝ ነገር ሆነ።

ቆንጂት


ጅሬን
ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎሳዬ፤

እንኳን ለፍልሰታ ጾም አደረሰህ። ሰዓቱን አስተውዪ ብለህ በጻፍከው መሠረት አስተውያለሁ፤ ስትሰማውም ትገረማለህ። ጾሙ ከገባ ጀምሮ ብሬከሩ በማለዳ መውደቁን ትቷል። አሁን የሚወድቀው ከሰዓት በኋላ፣ ከቅዳሴ ተመልሼ እህል ልቀምስ ስል ነው። ሰሊማ ሰዓቷን ለወጠች። ቤት ውስጥ የማልኖርበትን ጊዜ ሳይሆን የምኖርበትን መርጣ ታሰቃየኛለች። ሌባ ቢሆን እኮ የሚመጣው ባለቤት ሲወጣ ነው።

ይህን ያወቅሁት በግምት አይደለም፣ ይዣታለሁ። ረቡዕ ዕለት ብሬከሩ ወደቀ፣ እሷ ገባች፣ እኔ በረንዳ ወጣሁ። ብርድ ሲሰማኝ ነጠላዬን ልወስድ ተመለስኩ። ሳሎን ማንም የለም። ቀና ብዬ ሳይ ብሬከሩ እንደ ወረደ ነው። ከዚያ ከፍሪጁ ኋላ ተንበርክካ ወጣች፣ በእጇ ጨርቅ ይዛለች። ጎሳዬ፣ ጨርቁን አወቅሁት። ሙርሺድ ለፋሲካ የሰፋልኝ ሰማያዊ ቀሚስ ቅዳጅ ነው። መተት የሚሠራው በሰው ልብስ መሆኑን እናታችን እንኳ ትነግረን ነበር።

ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። ፊቷ ቀላ። «ማሎ እማማ፣ እባክዎ፣ ጨርቅ ነው» አለች። ወለሉን አየች፣ እኔን አየች፣ የጸበል ጠርሙሴን አየች፤ ከዚያ ዝም። ንጹሕ ሰው ዝም ይላል? ጨርቁን እዚያው ጥላው ተነሣች። እኔም አልነካሁትም፣ ማን ይነካዋል። ቁልፌን መልሺ አልኳት። ከአንገቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ሙርሺድ መጥቶ ክፍሉን እንለቃለን አለኝ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ሳይቆጣ። ያንተ አዎ አላስፈለገም። እኔ አላባረርኳቸውም፣ ሰው ቢጠይቅህ እንደዚያ በል።

ቆንጂት


ጅሬን
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎሳዬ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ዝናብና ስለ ቡናው ፍሬ ጽፈህልኛል። ስለ ሰሊማ አንድ ቃል የለም፤ ሄደች ወይ ብለህ እንኳ አልጠየቅኸኝም። ሰው የማይጠይቀው የሚያውቀውን ነው። ፋሂም ደግሞ ዕቃቸውን ጣሪያ ላይ ጭኖ አጋሮ እንዳደረሳቸው አምልጦት ነገረኝ። የማን ግቢ አወረድካቸው ስለው ጎማውን ሊያይ ወረደ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ይህን በኋላ ትነግረኛለህ። አሁን የምጽፍልህ ፈርቼ ነው። ክፍሉ ባዶ ነው። ወደ እነሱ ቤት የሚሄደውን ገመድ ከተማ መጥቶ ከቆጣሪው ላይ ቆርጦታል። ብሬከሩ ግን ዛሬም ወደቀ። ከበፊቱ ብሶበታል። ጾሙ ሲፈታ ወደ ማለዳው ተመልሷል፤ ድሮ ሰሊማ ስታነሣው ቀኑን ሙሉ ይቆይ ነበር፣ አሁን እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በዱላ ሳነሣው ወዲያው ይወርዳል፣ እስከ ቀትር እንቢ ይላል። ለአዲስ ዓመት ያስቀመጥኩት ቅቤ ሸተተ። ጸበሉን አሁን በጠርሙስ ሙሉ ነው የማፈሰው፣ ምንም አልፈየደ።

ሄዳም ካልተወችኝ ምን ላድርግ? ወይስ እሷ አልነበረችም? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቅር፣ አንብበው።

ቆንጂት


አጋሮ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

አዎ፣ እኔ ግቢ ነው ያሉት። ጓሮ ያለውን ክፍል ሰጥቻቸዋለሁ። ያልነገርኩሽ ሰሊማ ስላስማለችኝ ነው፤ እማማ ከወንድማቸው በእኔ የተነሣ እንዳይቀያየሙ አለች። ደብቄሻለሁና ይቅርታሽን እለምናለሁ፣ ስለ ቡናው ፍሬም ቢሆን የጻፍኩት እውነት ነው።

የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግን መሐላው ከበደኝ። ጠርቼ ጨርቁን ጠየቅኋት። ብዙ ጊዜ እንቢ አለች። ጽዮናዊት ስትለምናት ነው የተናገረችው። ቃሏን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፦

«ጋሽ ጎሳዬ፣ እማማ ጸበሉን ሲረጩ ከኋላ ያለው ዲቫይደር ላይ ይንቆረቆራል። ብሬከሩ የሚወድቀው ለዚያ ነው። እኔ ስገባ ኤሌክትሪኩ እንዳይዘኝ ብሬከሩን እንደ ወረደ እተወውና ሙርሺድ በቆረጠልኝ ጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ አነሣዋለሁ። መናገር ፈልጌ ነበር፣ ወላሂ። ግን ጸበሉ የሚረጨው በእኔ ምክንያት እንደሆነ አውቃለሁ። ይንቆረቆራል ብላቸው፣ አየሁዎት ማለቴ ነው። እሳቸው ከሚያፍሩ እኔ ብጠርግ ይሻላል አልኩ።»

እታለም፣ እኔም ራሴን ታዘብኩ። ሰዓቱን አስተውዪ ያልኩሽ እኔ፣ ነግረሽኝም አላስተዋልኩም። በፍልሰታ ሰዓቱ የሚለወጥበት ማን ነው? ሙስሊሟ ሰሊማ ናት? በጾሙ ከቅዳሴ ከሰዓት በኋላ የምትመለሺው፣ ጠርሙሱን ይዘሽ የምትገቢው አንቺ ነሽ። ብሬከሩ ሲከተል የነበረው አንቺን ነው።

አትመኚኝ፣ አንቺ ሰው አታምኚምና። ለሁለት ሦስት ቀን ከኋላው አትርጪና እዪው።

ወንድምሽ ጎሳዬ


ጅሬን
ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎሳዬ፤

አልረጨሁም፣ አልወደቀም። በማግስቱም አልወደቀም። መጠርጠር አመሌ ነውና ይህንንም ጠረጠርኩ፤ ትናንት ሆን ብዬ እንደ ድሮው ከኋላ ረጨሁ። ጉርሻዬን ሳልውጥ ቀጭ አለ። ቤቱ ጨልሞ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጸበሉን ሰው ይጠጣዋል፣ ይጠመቀዋል፤ አንቺ ወለል ላይ ያፈሰስሽው በማን ላይ ነው አሉኝ። በጠላት ላይ አልኳቸው። ጠላትሽ ማን ነው ሲሉኝ ስሟን መጥራት አቃተኝ። አንደበቴ ሰሊማ ሲል እግሬን ስታጥብ ነው የሚታየኝ።

ከዚያ ጨርቁን አወጣሁት። መጀመሪያ በዱላ፣ ቀጥሎ በእጄ። ውስጡ ምንም የለም፣ በውሃ የራሰ ጨርቅ ብቻ ነው። ጠርዙ ዙሪያውን ተቀምቅሟል። ሙርሺድ ለወለል መጥረጊያ እንኳ ጠርዝ ሳይቀመቅም አይሰጥም፤ ከቀሚሴ የተረፈውን ለእኔው ቤት ነበር ያዘጋጀው። እኔ የእነሱን ክፋት ስፈልግ ከረምኩ፣ እነሱ የእኔን ኀፍረት ሲጠርጉ ከረሙ። እናታችን ብትኖር ምን ትለኝ ነበር?

ቁልፉን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ክሩም የራሷ ነው። ለሰሊማ ስጣትና ይቅር በይኝ ብላለች በላት። ክፍሉ እንደ ተዘጋ ነው፣ ለሌላ አላከራይም። ሙርሺድ የተቆረጠውን ገመድ አይጨነቅበት፣ ከተማን ጠርቼ አስቀጥለዋለሁ። ለአዲስ ዓመት ይድረሱልኝ።

ፖስታውን ያልሰፋሁት ረስቼ አይደለም። ፋሂም ቢያነበው ያንብበው።

ቆንጂት


አጋሮ
ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ፤

ደብዳቤሽን ለሰሊማ አነበብኩላት። ስለ ጨርቁ ጠርዝ ያልሽው ጋ ስደርስ ሳቀች፣ ከዚያ ሻሿን ወደ ዓይኗ አደረገች። ይቅር ብያለሁ አለች፣ ከልቧ ነው፣ እኔ ፊቷን አይቻለሁ። ለአዲስ ዓመት መጥታ ትጠይቅሻለች። ሙርሺድ ግን እዚህ ገበያ ውስጥ ቦታ ይዟል፣ ደንበኛም አግኝቷል። ለመኖር አይመለሱም።

ቁልፉን ይህ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ለምኛት ነበር፣ በጽዮናዊትም አስለምኜ ነበር። እጇን እንኳ አልዘረጋችም። ያለችኝ ይህን ነው፦

«እማማን እወዳቸዋለሁ። ግን ነገ አንድ ዕቃ ቢጠፋ፣ አንድ ነገር ቢበላሽ፣ ቁልፍ ያለኝ እኔ ነኝ። ይቅርታውን ተቀብያለሁ፣ ቁልፉ ይቅርብኝ።»

እኔም የማውቅሽ ወንድምሽ ነኝ፤ አትጠረጥርሽም ብዬ ልምልላት አልቻልኩም። ይህን ስጽፍልሽ ከልቤ እያዘንኩ ነው።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ።

ጎሳዬ


ጅሬን
መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጎሳዬ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። ሰሊማ ለበዓሉ መጥታ ነበር፤ አጋሮ ስትደርስ ነግራህ ይሆናል። በሩን አንኳኩታ ቆማ ጠበቀች። ሳታንኳኳ ትገባ የነበረች ልጅ ናት፤ ያቺ ማንኳኳት ከዚህ ሁሉ ነገር ይበልጥ ጎዳችኝ። ተቃቅፈን ተላቀስን። እኔ ያለኝ የክርስቲያን ሥጋ ስለሆነ ለእሷ ለብቻዋ ሽሮ ሠርቼ ነበር፣ ጥሩ አድርጋ በላች። ፍሪጁ ጋ ስትደርስ ግን ዞራ አለፈችው።

ልምልላት አልቻልኩም ያልከው ልክ ነው፣ እኔም ስለራሴ አልምልም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ስጠረጥር ኖሬ በአንድ ክረምት አልድንም። ዛሬ ማለዳ እንኳ ፋሂም ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ፖስታውን ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁት።

ብሬከሩ ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም። ዲቫይደሩን ከተማ ከወለል አንሥቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ጸበሉን አሁን እጠጣዋለሁ። ሰማያዊውን ጨርቅ አጥቤ ፍሪጁ ላይ አንጥፌዋለሁ።

ቁልፉን ምን እንዳደረግሁት ጠይቀኸኛል። ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ሥራ የለውም። ካለፈው እሑድ ጀምሮ ወደ ኪዳን ስሄድ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የምወጣው። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ቆሜ ነበር፣ ግን ሄድኩ። ቁልፍ ይቅርብኝ ካለች ይቅርባት። ሰሊማ በመጣች ጊዜ ቆማ እንዳታንኳኳ፣ እኔም በሬን አልቆልፍም።

እኅትህ ቆንጂት